ከአረንጓዴው ቀለም ሥር፦ የአንድ አሮጌ የጃፓን ፋኖስ ጥገና

ኅዳር 12

ዛሬ በጠዋት ኪዮቶ፣ ቶጂ ቤተ መቅደስ ግቢ ውስጥ ነበርኩ። በየወሩ በፈረንጆቹ 21ኛው ቀን እዚያ ትልቅ ገበያ ይቆማል። ቀኑ የመነኩሴው የኩካይ መታሰቢያ ነው። ሺንጎን የሚባለውን የቡድሃ ትምህርት ጃፓን ውስጥ ያቋቋመው እሱ ነው፤ ያረፈው በ835 ነው። (ዓመቶቹን በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር እጽፋለሁ። የማስታወሻው ቀኖች ግን የእኛው ናቸው።) በእኛ ደግሞ ዛሬ ኅዳር ሚካኤል ነው። ንግሡ ቢያመልጠኝም፣ ሰው ጸሎት አድርሶ ወደ ገበያ የሚወጣበት ግቢ ውስጥ መዋሌ ደስ ብሎኛል።

ስፈልገው የኖርኩትን አገኘሁ። የሚንጠለጠል ፋኖስ። ጃፓኖች ትሱሪዶሮ ይሉታል። ስድስት ጎን አለው፣ ቁመቱ 34 ሳንቲ ሜትር ነው። ሻጩ «ነሐስ ነው፣ የድሮ ነው» አለኝ። እውነትም ከላይ እስከ ታች አረንጓዴ ነው። 9,000 የን ከፍዬ አቅፌው ባቡር ገባሁ።

ቤት ገብቼ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ አየሁት። ጫፉ ላይ ሽንኩርት የመሰለ ነገር አለ። ሆጁ ይባላል፣ ምኞትን ሁሉ የሚሞላ ዕንቁ ማለት ነው። ከሥሩ ካሳ አለ፣ ባርኔጣ ማለት ነው፤ ጣሪያው ነው። የጣሪያው ስድስት ማዕዘኖች ወደ ላይ ተጠቅልለዋል። ገና ያልተፈታ የፈርን ቅጠል ስለሚመስሉ ዋራቢቴ ይሏቸዋል። አንዱ ተሰብሯል። ከዚያ መብራቱ የሚቀመጥበት ክፍል ይመጣል። ስሙ ሂቡኩሮ ነው፣ የእሳት ከረጢት። ይህን ስም በጣም ወድጄዋለሁ።

ከረጢቱ በርም አለው። በሩ ላይ አራት የልብ ቅርጾች ተፈልፍለዋል። የፍቅር ምልክት እንዳይመስላችሁ። ኢኖሜ ይባላል፣ የዱር አሳማ ዓይን። ከክፉ ነገርና ከእሳት አደጋ ይጠብቃል ተብሎ የሚደረግ ነው። ከእንጨት በተሠራ ቤተ መቅደስ ውስጥ የሚነድ ነገር ሲሰቅሉ እንዲህ ያለ ዓይን ቢያኖሩበት አልፈርድባቸውም።

ኅዳር 13

ማግኔት አስጠጋሁ። ጥብቅ ብሎ ያዘ።

ነሐስ ማግኔት አይዝም። ነሐስ መዳብና ቆርቆሮ ነው፤ የጃፓኑ ብዙ ጊዜ እርሳስም ይጨመርበታል። ይኼ ግን ብረት ነው፤ ያውም ቀልጦ ቅርጽ ውስጥ የፈሰሰ፣ በጋራዥ ቋንቋ ጊዛ የምንለው። አረንጓዴው ነገር ቀለም ነው። አንድ ሰው ነሐስ እንዲመስል ቀብቶታል።

ትናንት ማየት ነበረብኝ። የነሐስ እውነተኛ አረንጓዴ አንድ ወጥ አይሆንም። ውኃ የሚተኛበት ጎድጓዳ ላይ ይወፍራል፣ እጅ የሚነካው ጠርዝ ላይ ይሳሳል፣ ቡናማ ሆኖ ይቀራል። የእኔው ጫፉም ጎድጓዳውም እኩል አረንጓዴ ነው። እንዲህ ያለ ዕቃ ልትገዙ ከወጣችሁ ትንሽ ማግኔት ኪሳችሁ ውስጥ ያዙ። ጨዋ ሻጭ አይከፋውም።

ማታ ላይ ንዴቴ በረደ። የብረት ፋኖስ የነሐስ ታናሽ ወንድም አይደለም። ኒኮ ውስጥ፣ የመጀመሪያው የቶኩጋዋ ሾገን (የጦር ገዢ) የኢያሱ መቃብር ባለበት በቶሾጉ፣ ኃያሉ የሰሜን ጌታ ዳቴ ማሳሙኔ ለመታሰቢያ ያቀረበው የብረት ፋኖስ ነው። ብረቱን ያስመጣው ከባሕር ማዶ ነው። እዚያው ግቢ ሆላንዶች በ1643 የላኩት የሚሽከረከር ፋኖስም አለ፤ የቶኩጋዋ ሦስት ቅጠል ዓርማ ተገልብጦ ተሠርቶበታል። ጃፓኖቹ ግን ሳያርሙት እስከዛሬ እንደተገለበጠ አኑረውታል። ስሕተቱ የስጦታው አካል ሆነ።

ስለዚህ ወሰንኩ። ቀለሙ ይነሳል፣ ብረቱ ብረት ይሆናል።

ኅዳር 21

ሦስት ቀን ቀለም ሳስለቅቅ ከረምኩ። አሮጌ ቀለም ውስጥ እርሳስ ሊኖር ስለሚችል በደረቁ በብርጭቆ ወረቀት መፈተግ አይሆንም፤ አቧራው ሳንባ ውስጥ ይገባል። ጄል ማስለቀቂያ ቀባሁ፣ በፕላስቲክ ሸፈንኩ፣ ጠበቅሁ። ከዚያ በእንጨት ስንጥር ፈቀቅ አደረግሁት። የብረት መፋቂያ አልነካሁም። በጎኖቹ ላይ ሺፖ የሚባለው ንድፍ አለ፣ እርስ በርስ የሚቆራረጡ ክቦች። ስሙ ሰባቱ ሀብቶች ማለት ነው፣ የቡድሃ መጻሕፍት የሚቆጥሯቸው ወርቅ፣ ብር፣ ሌሎችም። ከአንድ ክብ ውስጥ ቀለም ለማውጣት አሥር ደቂቃ ይፈጃል። ስንት ክብ እንዳለ መቁጠር ትቻለሁ።

ዛሬ ከታችኛው ሳህን ጠርዝ ላይ ፊደል ወጣ። ከብረቱ ጋር አብሮ የፈሰሰ፣ ከፍ ያለ ፊደል። ሁለት ቁምፊ ብቻ ይነበባል፦ ሆኬን። «በአክብሮት የቀረበ» ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ቦታ በሞረድ ተላግቷል። እዚያ ብዙውን ጊዜ የሚጻፈው የሰጪው ስምና ዘመኑ ነው።

ጣቴን ልሙጡ ቦታ ላይ አድርጌ ቆየሁ። ይህ ፋኖስ ጌጥ አልነበረም። ስጦታ ነበር። አንድ ሰው ስለ አንድ ነገር ብሎ ያቀረበው ስእለት።

እንዲህ ያለ ዕቃ ከቤቱ የሚወጣባቸው ጊዜያት ነበሩ። በ1868 አዲሱ የሜጂ መንግሥት የጃፓን ጥንታዊ እምነት የሆነው ሺንቶና ቡድሃ ይለያዩ ብሎ አዘዘ። ከዚያ በፊት ከሺህ ዓመት በላይ አንድ ግቢ ውስጥ አብረው ኖረዋል። ትእዛዙ መለየት ነበር፤ ሕዝቡ ዘንድ ሲደርስ ግን በየቦታው ማፍረስ ሆነ። ምስሎች ተቃጠሉ፣ ነሐስ ቀለጠ፣ ብዙው በርካሽ ተሸጠ። አውሮፓና አሜሪካ ሙዚየሞች ውስጥ ካለው የጃፓን ቅርስ ጥቂት የማይባለው ጉዞውን የጀመረው ያኔ ነው። ከዚያ ደግሞ በ1941 የብረታ ብረት መሰብሰቢያ ትእዛዝ ወጣ። ለጦርነቱ የቤተ መቅደስ ደወልና ፋኖስ ሳይቀር ተለቀመ። ጌታውን ጣቢያ ላይ ሲጠብቅ የኖረው የውሻው የሃቺኮ ሐውልት እንኳ አልተረፈም፤ በ1945 ቀለጠ። ዛሬ ሺቡያ የቆመው በ1948 እንደገና የተሠራው ነው።

የእኔው ከሁሉም ተርፎ ጠረጴዛዬ ላይ ነው። ስሙን ያጣ ቢሆንም።

ማታ አንድ ማሰሮ አቼቶ ውስጥ ዝገት የያዙ ምስማሮች ዘፈዘፍኩ። ለምን እንደሆነ በኋላ እጽፋለሁ።

ኅዳር 22

ከባድ ስሕተት ሠራሁ። ትናንት ማታ የማስለቀቂያውን ትራፊ በውኃ አጥቤ፣ በፎጣ ጠራርጌ ተኛሁ። ጠዋት ስነሳ ጣሪያው በሙሉ ብርቱካናማ ሆኗል። እርቃኑን የቀረ ብረት አንድ ሌሊት እርጥብ ማደር አይችልም።

ሁለት ቤት አልፈው የሚኖሩ ሽማግሌ አሉ። ዕድሜ ልካቸውን ብረት ማቅለጫ ውስጥ ሠርተው ጡረታ የወጡ ናቸው። በልቤ አባባ ነው የምላቸው። ወስጄ አሳየኋቸው። አልተቆጡም። በጣታቸው ነክተው «ይኼ ገና ሕፃን ዝገት ነው፣ ሻይ ይፈራል» አሉኝ። ብረት ከታጠበ ወዲያው እሳት ላይ መድረቅ እንዳለበትም ነገሩኝ። ከዛሬ ጀምሮ ውኃ ከነካው ከምድጃው አጠገብ አይለይም።

ኅዳር 29

ስለ ውስጡ ሳስብ ከረምኩ።

የእሳቱ ከረጢት ውስጥ ጥቀርሻ አለ። ጣሪያው ሥር ወፍሯል፣ ወደ ታች እየሳሳ ይሄዳል። ከበሩ ተቃራኒ ያለው ጎን ከሌሎቹ ይበልጥ ጠቁሯል። ነፋስ በአንድ በኩል ይመጣ ነበር ማለት ነው፤ ነበልባሉ ወደዚያ ሲተኛ ኖሯል። ቀለም የቀባው ሰው ውስጡን አልነካውም።

የመጀመሪያ ሐሳቤ ማጽዳት ነበር። አሁን ግን አልነካውም ብያለሁ። የውጭው ቀለም ውሸት ነበር፣ አነሳሁት። ጥቀርሻው ግን ሰዎች ማታ ማታ እየመጡ እዚህ ውስጥ ዘይት መጨመራቸውን የሚናገር ብቸኛ ምስክር ነው። ስሙ ተላግቶ ጠፍቷል፤ ጥቀርሻውንም ባጥበው ምን ይቀርለታል?

የሚነደው የጎመን ዘር ዘይት ነበር። ትንሽ የሸክላ ሳህን ውስጥ ይፈስሳል። ክሩ ታታሚ ምንጣፍ ከሚሠራበት እንግጫ መሰል ተክል ሆድ የሚወጣ ነጭ ለስላሳ ነገር ነው። ኪዮቶ አጠገብ ሂዬ ተራራ ላይ፣ በ788 በተመሠረተው ኤንርያኩጂ ገዳም፣ ዛሬም እንዲህ ያለ መብራት ይነዳል። ከ1,200 ዓመት ወዲህ አልጠፋም ይላሉ። በ1571 የጦር አበጋዙ ኦዳ ኖቡናጋ ገዳሙን ሲያቃጥለው መብራቱም አብሮ ጠፍቶ ነበር። ነገር ግን ቀደም ብሎ ከዚያው እሳት ተለኩሶ ወደ ሰሜን፣ ያማዴራ ገዳም የተወሰደ መብራት ነበር። ከእሱ መልሰው አመጡት። መነኮሳቱ ጠዋትና ማታ ዘይት ይጨምራሉ። በጃፓንኛ ቸልተኝነት ዩዳን ይባላል፤ ሲጻፍ «ዘይት መቋረጥ» የሚል ነው። ሰዎች ቃሉን ከዚህ መብራት ጋር ያያይዙታል።

ታኅሣሥ 5

ናራ ሄጄ መጣሁ። ሥራ ከመቀጠሌ በፊት የፋኖሶችን ሁሉ ታላቅ ማየት ነበረብኝ።

ቶዳይጂ ቤተ መቅደስ፣ ትልቁ የቡድሃ አዳራሽ ፊት ለፊት ቆሟል። ባለ ስምንት ጎን የነሐስ ፋኖስ፣ ከ4.6 ሜትር በላይ ቁመት ያለው። የተሠራው በ8ኛው መቶ ዘመን ነው፣ የትልቁ ቡድሃ ሐውልት ዓይኑ ተስሎ የተመረቀበት በዓል በ752 ከተከበረበት ዘመን። አዳራሹ በ1180 በጦርነት ተቃጥሏል። በ1567 እንደገና ተቃጥሏል። ፋኖሱ ከፊቱ ቆሞ ሁለቱንም አለፈ። ጥገና አላጣውም፤ ግን እሱው ነው።

ጎብኚው በሙሉ አልፎት ወደ አዳራሹ ይሮጣል። እኔ አንድ ሰዓት ያህል ዞርኩት። በጎኖቹ ላይ ሙዚቃ የሚጫወቱ ቦዲሳትቫዎች፣ የቡድሃ እምነት ቅዱሳን፣ አሉ። አንዱ ዋሽንት ይነፋል፣ አንዱ የናስ ጽናጽል ያጋጫል። ልብሳቸው ነፋስ እንደነካው ይንሳፈፋል። ጀርባቸው ወንፊት ነው፣ መረብ ሆኖ የተበሳ። መብራት ሲበራ ብርሃኑ በመረቡ ይወጣና እነሱ ጥላ ሆነው ይቀራሉ። ሠሪው ነሐሱን ብቻ ሳይሆን ጨለማውንም አስቦ ነው የሠራው።

ምሰሶው ላይ ጽሑፍ ተቀርጿል፤ መብራት ማቅረብ ስላለው በረከት ከቡድሃ መጻሕፍት የተወሰደ። ነገሩ ያ ነው። በቡድሃ እምነት መብራት ማየት ለሚሹ ዓይኖች ብቻ አይደለም፤ መባ ነው፣ እንደ ዕጣንና እንደ አበባ። ጃፓኖች ዘወትር የሚጠቅሱት አንድ ታሪክ አለ። ንጉሡ አሥር ሺህ መብራት አበራ። አንዲት ድሃ ሴት ያላትን ሁሉ ሰጥታ አንድ መብራት አበራች። ሌሊት የንጉሡ ሲጠፉ የእሷ እየነደደ አደረ። ጧፍ ገዝታ ቤተ ክርስቲያን ደጅ የምታቆም እናት ላላት ሰው ይህ ታሪክ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ፋኖስ ወደ ጃፓን የመጣው ከቻይና በኮሪያ በኩል፣ ከቡድሃ እምነት ጋር ነው። መጀመሪያ ለቡድሃ ብቻ ነበር። ከሄያን ዘመን (ከ794 እስከ 1185) ወዲህ የሺንቶ መቅደሶችም ወሰዱት። ቆይቶ፣ በ16ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ፣ የሻይ ሥነ ሥርዓት ሊቃውንት ወደ አትክልት ቦታቸው አስገቡት። ዛሬ በየሆቴሉ ግቢ የምናየው የዚያ የልጅ ልጅ ነው።

ታኅሣሥ 14

አቼቶው ደረሰ። ከሦስት ሳምንት በላይ ቆይቶ ቡናማ ሆኗል፣ ሽታውም ከባድ ነው። ይህ ብረት የሟሟበት ፈሳሽ ከሻይ ጋር ሲገናኝ ጥቁር ይሆናል። ሻይ ውስጥ ያለው ታኒን ብረቱን ይይዘውና ውኃ የማያሟሟው ጥቁር ነገር ይሠራል። ጃፓኖች ኦሃጉሮ ይሉታል። ባለትዳር ሴቶች ጥርሳቸውን ያጠቁሩበት የነበረው ይኸው ነው፤ በ1870 መንግሥት ለመኳንንቱ ከለከለው፣ ቀስ በቀስም ልማዱ ጠፋ። የብረት ማንቆርቆሪያ የሚሠሩ የሞሪዮካ ባለሙያዎች ግን ዛሬም ለብረት ይጠቀሙበታል።

አባባ ሊያግዙኝ መጡ። መጀመሪያ ወፍራም ሻይ አፍልተን የዛገውን ቦታ በብሩሽ ደጋግመን ቀባን። ብርቱካናማው ዓይናችን እያየ ጠቆረ። «አላልኩህም?» አሉኝ። ከዚያ ፋኖሱን በጋዝ ምድጃ አሞቅነው፣ ጠብታ ውኃ ሲነካው ጭስስ እስኪል ድረስ። ኦሃጉሮው የሚቀባው ብረቱ ትኩስ ሳለ ነው። በወፍራሙ ከተቀባ ይንጠባጠብና መስመር ይሠራል። አባባ ብሩሹን ጨምቀው፣ እንደ መታ እንደ መታ አድርገው አሳዩኝ፤ መጎተት የለም። አንድ ዙር፣ ማድረቅ፣ ሌላ ዙር። አምስት ዙር ሄድን።

በሩን ለብቻዬ ሠራሁት፣ ቸኮልኩም። አንድ ጥግ ላይ ጠብታ ወርዶ ቀረ። አባባ አይተው ዝም አሉ። ነገ አነሳዋለሁ።

ቀለሙ ጥቁር ብቻ አይደለም። ጠጋ ብላችሁ ስታዩት ቡናማ አለበት፣ እንደ ተቆላ ቡና።

ታኅሣሥ 30

ትናንት ገና ነበር። ዛሬ የበሩን ማጠፊያ ያዝኩ። ከዚህ በፊት የጠገነው ሰው የታጠፈ ምስማር ነው የሰካበት፤ ምስማሩ ዝጎ ቀዳዳውን አስፍቶታል። በፒንሳ ቀስ እያልኩ አወጣሁት። የ3 ሚሊ ሜትር ለስላሳ ብረት ሽቦ ቆርጬ፣ ጫፉን በሞረድ አሹዬ ሰካሁ። በሩ ያለ ድምፅ ይዘጋል።

የተሰበረውን ዋራቢቴ ግን እተወዋለሁ። አንድ ወዳጄ ብየዳ ይሻለዋል ብሎኝ ነበር። ጊዛ ካርቦን ስለሚበዛበት ተሰባሪ ነው። በአንድ ቦታ ብቻ በኃይል ሞቆ ሲቀዘቅዝ አጠገቡ ይሰነጠቃል። ቀስ ብሎ ሁሉን አሙቆ የሚበይድ ባለሙያ አለ፤ ግን ያ ሙቀት ውስጥ ያለውን ጥቀርሻ ያቃጥለዋል። ጫፍና ጥቀርሻ ቢቀርብልኝ የምመርጠው ጥቀርሻውን ነው።

ጥር 12

የመጨረሻው ሽፋን። የሞሪዮካ ባለሙያዎች ትኩስ ብረት ላይ ኡሩሺ የተባለውን የዛፍ ሙጫ ይቀባሉ። ኡሩሺ እርጥብ ሳለ ቆዳ ያሳክካል፣ ያሳብጣል፤ ያለ መምህር አልደፍረውም። እኔ ብረቱን ለብ አድርጌ ንጹሕ ሰም በጨርቅ አሸሁት፣ በጣም ስስ አድርጌ። ውስጡን አልነካሁም።

ስፈትገው እናቴ ትዝ አለችኝ። አዲስ ምጣድ በጎመንዘር ስታሟሽ፣ ደጋግማ ስታሽ። የእኛ ጎመንዘርና የጃፓኖቹ የመብራት ዘይት ተክል የአንድ ቤተ ዘመድ ናቸው።

ጥር 26

ዛሬ ሴትሱቡን ነው፣ በጃፓኖች ቆጠራ ክረምቱ የሚያልቅበት ዋዜማ። ናራ ካሱጋ ታይሻ ሄድኩ። በ768 የተመሠረተ የሺንቶ መቅደስ ነው፣ የፉጂዋራ ቤተሰብ። 3,000 ያህል ፋኖስ አለው፤ 2,000 የሚሆነው ድንጋይ፣ 1,000 የሚሆነው ተንጠልጣይ ብረታ ብረት። ሁሉም አንድ ላይ የሚበሩት ዛሬ ማታና በፈረንጆቹ ነሐሴ 14 እና 15 ብቻ ነው።

ገና ሳይመሽ ደርሼ ተንጠልጣዮቹን አየሁ። የሰጪዎቹ ስም በየጎኑ አለ። አንዳንዱ ላይ የፉጂዋራ የአበባ ዘለላ፣ አንዳንዱ ላይ አጋዘን። የመቅደሱ አምላክ ከካሺማ የመጣው በነጭ አጋዘን ተቀምጦ ነው ይላሉ፤ ለዚህ ነው ናራ ውስጥ አጋዘን እንደልቡ የሚሄደው። ሲመሽ መብራቶቹ ተለኮሱ። ሰዉ ዝም አለ። አዲስ ወርቃማ ፋኖስና አረንጓዴ የለበሰ የጥንት ፋኖስ አንድ መስመር ላይ ተሰቅለው፣ ብርሃናቸው አንድ ዓይነት ነው። የእኔን የሚመስል ባለ ስድስት ጎን አጠገብ ብዙ ቆምኩ።

ቤት የገባሁት በ5 ሰዓት ገደማ ነው። አባባ መብራታቸው ገና አልጠፋም ነበር፣ ጠራኋቸው። እኔ ሌላ እምነት ያለኝ ሰው ነኝ፣ ብለኩሰው ነውር አይሆንም ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው። «ሳይለኮስ መኖሩ ነው የሚያሳዝነው» አሉኝ።

ፋኖሱን በረንዳው ጣሪያ ሥር፣ ከግድግዳው ትንሽ ራቅ አድርጌ ሰቀልኩት። ሳህኗ ውስጥ የጎመን ዘር ዘይት ሞላሁ። ክሩን አስተኛሁ፣ ለኮስኩ፣ በሩን ዘጋሁ።

መጀመሪያ ምንም አልታየም። ከዚያ ነበልባሉ ቆመ። ግድግዳው ላይ ክቦቹ ወጡ፣ እርስ በርስ እንደተያያዙ፣ እያንዳንዳቸው ከሳህን የሚሰፉ። በበሩ በኩል አራቱ የአሳማ ዓይኖች የአባባ ካፖርት ላይ አረፉ። ነፋስ ሲመጣ ሁሉም በአንድነት ወደ ጎን ዘመሙ። በሩን ከፍቼ አየሁ፤ ነበልባሉ የተኛው ወደዚያው ወደ ጠቆረው ጎን ነው።

ዘይቱ ሦስት ሰዓት ያህል በቃ። ነገ ተጨማሪ እገዛለሁ።